ከወይራ ዘይቱ በፊት ምስሩ፦ የሜዲትራኒያን አመጋገብን ከወሎ ገበያ መጀመር

ደም ግፊት ወይም ስኳር የታየበት ሰው «የሜዲትራኒያን አመጋገብ ጀምር» የሚለውን ምክር ከሐኪምም፣ ከዘመድም፣ ከስልክ ቪዲዮም ይሰማል። ደሴ ላይ ምክሩን የተቀበለ ሰው ቀድሞ የሚያደርገው ሱፐርማርኬት ገብቶ የወይራ ዘይት ዋጋ መጠየቅ ነው። ዋጋውን ሲሰማ ጠርሙሱን ወደ መደርደሪያው ይመልሳል፤ ከጠርሙሱ ጋር አመጋገቡንም ትቶት ይወጣል። ይህ ያስቆጫል። የዚህ አመጋገብ ሰፊው ክፍል ያለው ከውጭ በመጣ ጠርሙስ ውስጥ ሳይሆን እህል ተራ በተደረደረው ጆንያ ውስጥ ነውና።

አመጋገቡን ለዓለም ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ተመራማሪ አንሴል ኪስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 የተጀመረውና ሰባት አገሮችን ያነጻጸረው ጥናቱ፣ የቀርጤስ ደሴት ገበሬዎች በልብ ሕመም የሚሞቱት በጣም ጥቂት መሆናቸውን አሳየ። በዚያ ዘመን የቀርጤስ ገበሬ ማዕድ ላይ የነበረው ያልተነፋ ዱቄት ዳቦ፣ ባቄላና ምስር፣ ከሜዳ የተለቀመ ቅጠል፣ ፍራፍሬ፣ ብዙ የወይራ ዘይት፣ ጥቂት አይብ፣ አልፎ አልፎ ዓሣ፣ ከስንት አንዴ ሥጋ ነው። ሕዝቡ ኦርቶዶክስ ስለሆነ አጥባቂው በዓመት ወደ 180 ቀን ይጾማል። ሳማ ቀቅሎ በገብስ እንጀራ የበላ የደጋ ወሎ ሰው ከዘይቱና ከፍራፍሬው በቀር ይህን ማዕድ ያውቀዋል።

ሁለተኛው ትልቅ ማስረጃ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው «ፕሬዲሜድ» የተባለው የስፔን ጥናት ነው። ለልብ ሕመም የተጋለጡ 7,400 ያህል ሰዎችን በሦስት ከፈለ። ለመጀመሪያው ወገን ቤተሰብ በሳምንት አንድ ሊትር ኤክስትራ ቨርጅን (ያለ ኬሚካል በመጭመቅ ብቻ የወጣ) የወይራ ዘይት፣ ለሁለተኛው በቀን 30 ግራም የለውዝ ዓይነቶች ሰጠ፤ ሦስተኛውን «ቅባት ቀንስ» ብሎ መከረ። አምስት ዓመት ያህል ሲከታተላቸው በሁለቱ ወገኖች ድንገተኛ የልብ ሕመም፣ ስትሮክና በእነዚህ የመሞት አደጋ በድምሩ ከሦስተኛው በ30 በመቶ ገደማ አንሶ ተገኘ። በአንዳንድ ጣቢያዎች የሰዎቹ አመዳደብ ጉድለት ስለነበረበት ጽሑፉ ከመጽሔቱ እንዲነሣ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2018 እንደገና ተሰልቶ ወጣ፤ ውጤቱም ከመጀመሪያው ብዙ አልራቀም።

ከዚህ ጥናት ለወሎ ሰው የሚጠቅመው ነገር እምብዛም አይነገርም። ሦስቱም ወገኖች ስፔናውያን ናቸው፤ ጥራጥሬም አትክልትም ሁሉም ይበላሉ። ዋናውን ልዩነት ያመጣው በዚያ መሠረት ላይ የተጨመረው የቅባት ዓይነት ነው። የወሎ ማዕድም መሠረቱ አለው። የጎደለው ሦስት ነገር ነው፤ የቅባቱ ዓይነት፣ የአትክልትና የፍራፍሬው ብዛት፣ የቅባት እህሉ። የበዛው ደግሞ ጨው፣ ስኳርና ፊኖ ዱቄት ነው። ገንዘብም ድካምም መዋል ያለበት እዚህ ላይ ነው።

ጥራጥሬው፦ ያለውን በትክክል ማብሰል

ለአንድ ሰው በቀን አንድ ሲኒ ያህል ደረቅ ጥራጥሬ፣ ማለትም ከ60 እስከ 70 ግራም ይበቃል። አምስት ሰው ላለበት ቤት በሳምንት ከሁለት ኪሎ ትንሽ በላይ መሆኑ ነው። መቶ ግራም ደረቅ ምስር ወደ 25 ግራም ፕሮቲን አለው፤ ሥጋው ሲቀንስ ቦታውን የሚሸፍነው ይኸው ነው።

ብዙ ቤት ውስጥ ጥራጥሬ ማለት ሽሮ ብቻ ሆኗል። ሽሮ ጥሩ ምግብ ነው፤ ነገር ግን ዱቄት ስለሆነ ከድፍን ጥራጥሬ ይልቅ ቶሎ ይፈጫል፤ ምጥን ሽሮ ሲዘጋጅም ብዙ ጊዜ ጨው ገብቶበታል። ስለዚህ ከሰባቱ ቀን ቢያንስ ሦስቱን በድፍኑ መብላት ይሻላል፤ ድፍን ምስር ወጥ፣ አዚፋ፣ ንፍሮ፣ ፉል። አዚፋ በተለይ ሊረሳ የማይገባው ነው። የተቀቀለ ድፍን ምስር፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ሎሚ፣ ሰናፍጭና ጥሬ ዘይት ያለበት ቀዝቃዛ ምግብ የሜዲትራኒያን ሰው ቢቀርብለት ባዕድ አይሆንበትም።

ፉል በደሴና በኮምቦልቻ ቁርስ ቤቶች የታወቀ ነው፤ ቤት ሲሠራ ግን ባቄላው አልበስል ይላል። ምክንያቱ ሦስት ነው። አንደኛው ከፍታው ነው፤ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሳይሞላ ነው፤ ኮምቦልቻ በአንድ ሰዓት የሚበስለው ደሴ ላይ ጊዜ ይጨምራል። ሁለተኛው የባቄላው ዕድሜ ነው፤ ከዓመት በላይ ጎተራ የቆየ ባቄላ ቢዘፈዘፍም ልቡ ይደርቃል። ሦስተኛው ቲማቲም ወይም ሎሚ ቀድሞ መግባቱ ነው፤ ኮምጣጣ ነገር የጥራጥሬውን ሽፋን ያጠነክረዋል። ሁለት ብርጭቆ ባቄላ ከማታ ጀምሮ 12 ሰዓት ይዘፍዘፍ፤ ውኃው ይደፋ፤ ባቄላውን አራት ጣት ያህል በሚያልፍ አዲስ ውኃ ተከድኖ በለዘብተኛ እሳት ይቀቀል። በሁለት ጣት ሲጫኑት ያለ ትግል ሲፈርስ ደርሷል፤ ቲማቲሙ፣ ሎሚውና ጨው የሚገቡት ከዚያ በኋላ ነው። ቤኪንግ ሶዳ ማብሰሉን ያፋጥናል፤ ግን ቫይታሚን ቢ1ን ያጠፋል። ማታ መዘፍዘፍን የሚተካ አይደለም። የግፊት ድስት ያለው ቤት ደግሞ ችግሩ ተቃሎለታል።

ስለ ጥራጥሬ ሲጻፍ በወሎ ጓያን ሳያነሱ ማለፍ ጥፋት ነው። በደላንታና በዳውንት አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ከደረሰው ድርቅ በኋላ ጓያን ዋና ምግባቸው ያደረጉ ሰዎች እግራቸው ሽባ ሆኖ ቀርቷል። ጉዳቱ የሚመጣው ጓያ ለወራት የዕለት ምግብ ሲሆን ነው፤ በተለይ ተቆልቶ፣ ተቀቅሎ ወይም በእሸትነት ሲበላ አደጋው ይጨምራል። ከእህል ጋር መቀላቀሉና መቦካቱ አደጋውን ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አያጠፋም። ጥራጥሬ ጨምሩ የሚል ምክር ጓያን አይጨምርም። የተፈጨ ሽሮ ከማያውቁት ነጋዴ መግዛት የማይመከረውም ለዚህ ነው፤ ጓያ ርካሽ ስለሆነ ይደባለቃል፤ ከተፈጨ በኋላ ደግሞ ዓይን አይለየውም። ሽምብራውን ወይም አተሩን በፍሬው ገዝቶ፣ ማዕዘን ያለውን ግራጫማ ፍሬ ለቅሞ አውጥቶ ማስፈጨት ዋስትና ነው።

ዘይቱ፦ መጠኑ ሳይሆን ዓይነቱ

በዚህ አመጋገብ ዘይት አይፈራም። አምስት ሊትር ጀሪካን በወር የሚጨርስ የአምስት ሰው ቤት ለእያንዳንዱ ሰው በቀን 33 ሚሊ ሊትር፣ ከሁለት የሾርባ ማንኪያ ትንሽ በላይ እየተጠቀመ ነው። የስፔኑ ጥናት ተሳታፊዎች ከዚህ በላይ ይወስዱ ነበር። ጥያቄው በጀሪካኑ ውስጥ ያለው ምንድን ነው የሚለው ነው።

የፓልም ዘይት ግማሹ ገደማ ለልብ የማይበጀው የሚረጋ ስብ ነው። የወይራ ዘይት 14 በመቶ፣ ሰሊጥም እንዲሁ፣ የሱፍ አበባ ከዚያም ያነሰ ነው። ሰው ፓልምን የሚለየው በመርጋቱ ነው፤ ይህ መለያ ግን ቦታ ይመርጣል። ደሴ ብርድ ላይ ነጭ ሆኖ የሚረጋው ዘይት ከሚሴ ወይም ባቲ ሙቀት ላይ ፈሳሽ መስሎ ይቀመጣል። ስለዚህ ቆላ ያለ ገዢ ጽሑፉን ያንብብ፤ «ፓልም» ወይም «ፓልም ኦሊን» የሚል ካለ ሌላ ይፈልግ። የሱፍ አበባ ዘይት ካልተገኘ የኑግ ዘይት አለ፤ ኑግ ግን ለሙቀትና ለአየር ደካማ ስለሆነ ቶሎ ይበላሻል። በትንሽ በትንሹ መግዛት፣ በጥቁር ዕቃ ማስቀመጥ፣ ለረጅም ጥብስም አለመጠቀም ነው።

ቁሌቱ ላይ ዘይት የሚባክነው ሽንኩርቱ ከዘይት ጋር አብሮ ስለሚጣድ ነው። ለአምስት ሰው አራት መካከለኛ ሽንኩርት ደቅቆ ያለ ዘይት በለዘብተኛ እሳት ይቁላላ፤ የራሱ ውኃ ይበቃዋል፤ ሲይዝ አንድ ማንኪያ ሙቅ ውኃ ይጨመርበት። ወርቃማ ሲሆን አራት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ቀጥሎ በርበሬውና ሁለት ቲማቲም። ቲማቲም ከዘይት ጋር ሲበስል ቀዩ ንጥረ ነገሩ፣ ሊኮፒን፣ በደንብ ወደ ሰውነት ይገባል፤ ሜዲትራኒያኖቹም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ዘይት በጭልፋ ሳይሆን በማንኪያ መለካት ብቻውን ብዙ ዘይት ያድናል።

የንጥር ቅቤ ጣዕም የሚናፍቀው ሰው ኮሰረት፣ ኮረሪማና ነጭ ሽንኩርት በዘይት አንጥሮ መጠቀም ይችላል። ቅመሙና ነጭ ሽንኩርቱ ግን ተጠልሎ ይውጣ፤ ነጭ ሽንኩርት በዘይት ውስጥ ሰጥሞ ከቆየ አደገኛ መርዝ የሚያመነጭ ባክቴሪያ ሊያድግበት ይችላል።

የወይራ ዘይት መግዛት የሚችል ቤት ቁሌት ላይ አይጨርሰው። ምርጡ ማስረጃ የወይራ ዘይት ዋና ቅባት ሲሆን የተገኘ መሆኑ እውነት ነው፤ አቅም ካልፈቀደ ግን ትንሹን ጠርሙስ ጥሬው በሚበላበት ቦታ ማዋል ይሻላል። ፉሉ ላይ፣ አዚፋው ላይ፣ ሽሮው ከእሳት ከወረደ በኋላ፣ ለአንድ ሰው አንድ ማንኪያ። ሲገዛ «ኤክስትራ ቨርጅን» የሚል፣ ጥቁር ጠርሙስ ያለውና የምርት ዘመኑ ቅርብ የሆነ ይመረጥ። «ፖማስ» የሚለው ከጭማቂው ከተረፈው አተላ በኬሚካል የወጣና የተጣራ ነው፤ በዚያ ዋጋ መግዛት አያስፈልግም። ፍሪጅ ውስጥ ይረጋል አይረጋም የሚለው ፈተና እውነተኛውን ከሐሰተኛው አይለይም።

በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ግቢ ያለው ወይራችንስ የሚል ጥያቄ ይነሣል። ዛፉ ከሜዲትራኒያኑ ጋር ዘመድ ብቻ ሳይሆን አንድ ዝርያ ነው፤ ንዑስ ዝርያው ግን የተለየ ስለሆነ ፍሬው ደቃቃ፣ ሥጋውም ስስ ነው፤ ለዘይት ጭማቂ አይሆንም። ዕቃ ማጠኛነቱና መፋቂያነቱ ይቀጥል። ገበያ ላይ «ዘይቱን» የሚባለውም ፍሬ ሌላ ነው። ዓረብኛው ዘይቱን ወይራ ሲሆን የገበያችን ዘይቱን ዘሩ የበዛው ጣፋጩ ፍራፍሬ ነው፤ ለሌላ ነገር ጠቃሚ ነው፤ ዘይት ግን የለውም።

ለወይራ ዘይት ከሁሉ የሚቀርበው አቮካዶ ነው። አብዛኛው ቅባቱ ወይራ ዘይት ውስጥ ያለው ራሱ ነው። ግማሽ አቮካዶ በሎሚና በጨው ቅንጣት ተፈጭቶ ዳቦ ላይ ሲቀባ የቅቤውንም የማርጋሪኑንም ቦታ ይወስዳል። ስኳር የተጨመረበት ጁስ ሲሆን ግን ጥቅሙ ይቀንሳል።

ሌላው ቀዳዳ ሳንቡሳና ቦምቦሊኖ ነው። ጾም ማስፈቻም ሆነ ኢፍጣር ላይ በተደጋጋሚ በተጠበሰበት ዘይት የተሠራ ሳንቡሳ ቀኑን ሙሉ የተጠበቀውን ሥርዓት ያበላሻል። ምስሩ ራሱ ጥሩ ነው፤ ችግሩ የጠቆረውና የሚያረፋው ዘይት ነው። ኢፍጣርን በተምርና በሾርባ ጀምሮ ሳንቡሳውን ወደ አንድ ማውረድ ለወሎ ማዕድ የሚከብድ ለውጥ አይደለም።

አትክልትና ፍራፍሬ፦ እውነተኛው ጉድለት

የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን 400 ግራም ይላል፤ ድንች አይቆጠርም። ለአምስት ሰው በሳምንት 14 ኪሎ ነው። ብዙ ይመስላል፤ ቢከፋፈል ግን ሽንኩርት ሦስት ኪሎ፣ ቲማቲም ሦስት፣ ጎመንና ቆስጣ ሦስት፣ ካሮት ወይም ዱባ ሁለት፣ ፍራፍሬ ሦስት ኪሎ ነው። ሽንኩርቱና ቲማቲሙ ቁሌት ውስጥ በከፊል ይገባሉና በእርግጥ የሚጨመረው ቅጠሉና ፍራፍሬው ነው። በእንጀራው ላይ ጎመኑ በማንኪያ ጫፍ ሲቀመጥ ቆይቷል፤ ከወጡ እኩል ቦታ ይሰጠው።

ጎመን ቀቅሎ ውኃውን መድፋት ቫይታሚን ሲውንና ፎሌቱን አብሮ መድፋት ነው። ታጥቦ የተከተፈው ጎመን ከራሱ ውኃ ጋር፣ ከሽንኩርትና ከሁለት ማንኪያ ዘይት ጋር ተከድኖ አሥር ደቂቃ ይበቃዋል። ጥሬ ሰላጣ ግድ አይደለም። ከወንዝ በተጠለፈ ውኃ የለማ ቅጠል አሜባና ጃርዲያ ሊኖርበት ይችላል፤ ኮምጣጤ ውስጥ መንከርም አስተማማኝ አይደለም። ጥሬ የሚበላው የሚላጥ ነገር ይሁን፤ ካሮት፣ ሙቅ ውኃ ውስጥ ግማሽ ደቂቃ ቆይቶ የተላጠ ቲማቲም። ቅጠሉ ይብሰል።

ፍራፍሬ ወቅቱን እየተከተለ ይገዛ። ከመርሳ በኩል ብርቱካን፣ ፓፓያና ማንጎ ይመጣል፤ ክረምት ላይ በለስ ከራያና ከየቆላው ጫፍ ይወርዳል፤ በለስ ርካሽ ስለሆነ ብቻ ከፍራፍሬ ተራ የሚያወጣው ምክንያት የለም።

የቅባት እህል፣ ተልባና ዓሣ

ስፔን ውስጥ የተሰጠው 30 ግራም ዋልነት፣ አልሞንድና ሄዝልነት ነበር፤ ሠላሳ ግራም አንድ እፍኝ ነው። በወሎ ቤት ቦታው ዝግጁ ነው፤ የቡና ቁርስ። ፈንድሻውንና ፊኖ ዳቦውን በገብስና ሽምብራ ቆሎ፣ በኦቾሎኒና በሱፍ መተካት ብቻ ነው። ኦቾሎኒ ሲገዛ የሻገተ፣ የጠቆረና የተጨማደደ ፍሬ ያለበት ይቅር፤ ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን ጉበት ይጎዳል፤ መቁላትም አያጠፋውም።

ተልባ የተለየ ቦታ አለው፤ ከዘይቱ ግማሽ በላይ የሚሆነው ኦሜጋ-3 የተባለው ጠቃሚ ቅባት ነው። ሳይፈጭ ከተዋጠ ግን እንደገባ ይወጣል። በለስላሳ እሳት ቆልቶ፣ ለአንድ ሳምንት የሚበቃውን ብቻ ፈጭቶ፣ በተከደነ ዕቃ ብርድ ቦታ ማስቀመጥ ነው፤ የቆየ ዱቄት ይመራል። በቀን አንድ ወይም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ከበቂ ውኃ ጋር ይወሰድ። አጥልሎ ገለባውን መጣል አሰሩን (ፋይበሩን) መጣል ነው፤ ሳይጠለል የሚስማማው ሰው እንዲሁ ይጠጣው።

ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ከራቀችው ሐይቅ ከተማ የሚመጣው ቆሮሶ የተባለው ዓሣ ጥሩ ፕሮቲን ነው፤ ነገር ግን ኦሜጋ-3ው ትንሽ ነው። በዚያ በኩል የሚበልጠው በየሱቁ ያለው የሰርዲን ጣሳ ነው፤ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጣሳ ከቲማቲምና ከሽንኩርት ጋር። ቆሮሶውም ዘይት ውስጥ ሰጥሞ ከሚጠበስ በቲማቲምና በሎሚ ሃያ ደቂቃ ቢቀቀል ይሻላል። ዓይኑ ያልፈዘዘ፣ ስንጥቡ ቀይ የሆነ ትኩስ ነው።

እህሉ ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የጤፍ፣ የማሽላና የገብስ እንጀራ ሙሉ እህል ነው፤ ችግሩ በፊኖ ዳቦ፣ በፓስታና በሩዝ እየተተካ መምጣቱ ነው። ዳቦ ከተፈለገ ፉርሽካው ያልወጣለት የስንዴ ዱቄት ይሁን። እርጎና አይብ በመጠኑ ይበላሉ፤ አይብ ቅቤው ከወጣለት አሬራ ስለሚሠራ ቅባቱ ትንሽ ነው። ቀይ ሥጋ ለበዓልና ለእንግዳ ይቀመጥ።

ጨው የሚበዛው በርበሬው፣ ሽሮውና ወጡ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ስለሚጨመርባቸው ነው። ልኩ ለአንድ ሰው በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች፣ 5 ግራም ነው። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ካልገባበት የወጡን መቆጣጠር ይቻላል። ስኳሩ ደግሞ ሻይ ውስጥ ነው፤ በቀን አምስት ብርጭቆ በሦስት በሦስት ማንኪያ የሚጠጣ ሰው ከ60 ግራም በላይ እየወሰደ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት የላይኛው ወሰን 50 ገደማ ነው። በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ መቀነስ ምላስን አያስቀይምም።

ከየት ይጀመር

ሁሉንም በአንድ ሰኞ የሚለውጥ ቤት በሁለተኛው ሳምንት ይመለሳል። መጀመሪያ ዘይቱ ይለወጥ፤ ጀሪካኑ ሲያልቅ የሚገዛው ፓልም አይሁን፤ ማንኪያውም ጭልፋውን ይተካ። ቀጥሎ የቡና ቁርሱ። በሦስተኛው ሳምንት ጎመኑና ፍራፍሬው ይጨመር፤ በጀቱ የሚከብደው እዚህ ስለሆነ ከሥጋው፣ ከለስላሳውና ከፊኖ ዳቦው የተረፈው ገንዘብ ይግባበት። የወይራ ዘይት መጨረሻ ይመጣል፤ ባይመጣም የተሠራው አይጠፋም። ረቡዕና ዓርብ ወይም ረመዳን ለለውጡ የተመቹ ናቸው፤ ማዕዱ በራሱ ግማሽ መንገድ ላይ ነውና።

መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጥቂት ነገር ይጠንቀቅ። ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድ የጎመኑን መጠን በድንገት አይጨምር፤ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ በየቀኑ ተመሳሳይ ያድርገው። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ጥራጥሬውንም፣ ሙዙንም፣ አቮካዶውንም ሳያማክር አያብዛ፤ ፖታሲየም ሊከማችበት ይችላል። የስኳር ክኒን ወይም ኢንሱሊን ያለው ደግሞ ዳቦውንና ሻዩን ሲቀንስ ስኳሩ ሊወርድ ስለሚችል በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቶሎ ቶሎ ይለካ። ተልባው ከክኒኑ ሰዓት ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይራቅ፤ ልጋጉ መድኃኒቱን ይዞ ያዘገየዋል።